ሁለት ጊዜ የጠራሁት ስም

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች ወልጄ፣ እጄም እንሰት ሲፍቅ ሻክሮ ካበቃ በኋላ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። እንዲያውም በዚያ ጊዜ በወረዳችን በሌሞ ከእኔ የባሰች ጉረኛ አልነበረችም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌያችን ሲደርስ በአራት ወር ማንበብ ቻልኩ፤ በስድስተኛው ወር ሌሎችን ማስተማር ጀመርኩ፤ በዓመቱ ሆሳዕና ከተማ ሕዝብ ፊት ቆሜ ጋዜጣ አነበብኩ። ጋዜጣው ስለ ምን እንደሚያወራ ዛሬ አላስታውስም። ያጨበጨበልኝን ሰው ብዛት ግን አልረሳሁትም።

ጣጣውን ያመጣብኝ ያ ጭብጨባ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰባዎቹ ውስጥ። በዘመቻው ጎበዝ የተባሉ ሰዎች ከየክፍለ ሀገሩ ተመርጠው በወዳጅ አገሮች በአውቶቡስ እየዞሩ ታሪካዊ ከተሞችን ይጎብኙ ተባለ፤ ምሥራቅ ጀርመንን፣ ቼኮስሎቫኪያን፣ ሀንጋሪን። ከእኛ አካባቢ የኔ ስም ወጣ። እኔ እስከዚያ ድረስ ከሆሳዕና አልፌ የማውቀው ዱራሜን ብቻ ነው፤ እሱንም ለለቅሶ ሄጄ።

ደስታዬ ሳይበርድ ዋስ ጥሪ ተባልኩ። የገንዘብ ዋስ አይደለም፣ የሰው ዋስ ነው። እዚያ ብቀር በእኔ ፋንታ የሚታሰር ሰው ማለት ነው። ባሌ ሚሊሺያ ሆኖ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። አንዱ ወንድሜ በዚያው ሳምንት ወገቡን አመመው፤ ሌላው አዝመራ ደርሶብኛል አለ። አልቀየምኳቸውም፤ ሴት ልጅ ነጭ አገር ገብታ ትመለሳለች ብሎ ያመነ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። አማቴ ብቻ፣ የባሌ አባት፣ ስድሳ አምስት ዓመት ያለፋቸው፣ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበሩት አማቴ፣ ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ጋሪ ላይ ተቀመጡና ሆሳዕና ወረዱ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። ጸሐፊው ያነበበላቸውን እኔም ቆሜ ሰማሁ። "ግለሰቧ ባትመለስ በአካል ልጠየቅ" ይላል። ተመልሰን ቤት ስንደርስ "ልጆችሽን እኛ እናያለን" አሉኝ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። በእኛ በሀዲያም ሆነ በከምባታ ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም። መጥራት ነውር ነው፤ ከስድብ ይቆጠራል። እናቴ ገና ሳልዳር ጀምራ ይህን አስተምራኛለች። በአማቴ ስም የሚጠራ ሰው ገበያ ላይ ካገኘሁ "የእገሌ አባት" ብዬ አልፈዋለሁ። ፊደል ካስተማርኳቸው ሰዎች አንዱ የዚያ ስም ባለቤት ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ "አንተ ከኋላ ያለኸው" እያልኩ አስተማርኩት። ደግነቱ አንድ ቀንም ወደ ፊት መጥቶ አልተቀመጠም።

ታዲያ ከየቦታው የመጣነው ሃያ ሁለት ሰዎች አዲስ አበባ ስንሰበሰብ የቡድናችን መሪ ተነስቶ ስሙን ነገረን። ያው የአማቴ ስም። ቀጭን፣ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ባርኔጣ የሚያደርግ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሌሎቹ ስሙን እየጠሩ ይጠይቁታል፤ እኔ "ጓድ" እለዋለሁ፣ ሲበዛ "ጓድ መሪ"። ይህ ነገር አንድ ቀን ያስቸግረኛል ብዬ አላሰብኩም። የፓስፖርቶቻችንን እሽግ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ከቶ ቆለፈበትና ቁልፉን ኪሱ አደረገ።

በርሊን ደርሰን አውቶቡሱ ላይ ወጣን። ሰማያዊ መጋረጃ ያለው፣ ወንበሩ ቤቴ ካለው አልጋ የሚለሰልስ አውቶቡስ ነው። አስጎብኚዋ ጀርመን ሴት ናት፤ ዘንግ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራ ከፊት ትሄዳለች፣ እኛ እንከተላለን። እሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ መሪያችን በአማርኛ ይተረጉማል። ይህ ቤተ መንግሥት የዚህ ንጉሥ ነው፣ ይህ ድልድይ ከዚህ ዘመን ነው። ድሬዝደን ላይ በጦርነቱ ጊዜ ተቃጥሎ የጠቆረ የቤተ ክርስቲያን ድንጋይ አየሁ፤ ነካሁትና እጄን ደግሜ አየሁት። ጉብኝቱን ወድጄው ነበር። ፍርሃት የገባኝ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ፋጡማ የምትባል የወሎ ሴት ናት፤ ማታም አንድ ክፍል ነው የምናድረው። አውቶቡሱ ሲሄድ ጆሮዬ ስር ተጠግታ "ባለፈው ዓመት ቡድን አንዱ ጠፍቶ ቀረ አሉ፤ ሰምተሻል?" አለችኝ።

"የት ጠፋ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ወንድሙ ነበር ዋሱ። እስካሁን አልተፈታም።"

ከዚያ በኋላ መስኮቱን ሳይ የማየው የአማቴን አውራ ጣት ነው። መሪያችንም በየማለዳው ሦስት ጊዜ ይቆጥረናል። ለሽንት የሄደ ሰው ሁለት ደቂቃ ከቆየ በር ላይ ሄዶ ይቆማል። ማንም ለመጥፋት ያሰበ አይመስለኝም ነበር፤ ግን እያንዳንዳችን ሌላው ያሰበ መስሎን እርስ በርስ እንተያያለን። ሻይ ስንጠጣ እንኳ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቦታ ይቀይራል።

አራተኛው ቀን ፕራግ ገባን። አንድ ሌሊት አድረን በማግስቱ ከሰዓት ወደ ሀንጋሪ መንገድ ልንነሳ ነው። ጠዋት መሪያችን አውቶቡሱ ውስጥ ቆመና፣ "ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሆቴሉ በር እንነሳለን። ማንም አይጠበቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሌለ ሰው እንደ ከዳ ተቆጥሮ በዚያው ሰዓት ለአገር ቤት ይነገራል" አለ። ሲናገር እኔን ያየኝ መሰለኝ። ሁላችንም እንደዚያ ሳይመስለን አልቀረም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ አንድ አሮጌ አደባባይ አደረሱን። ግንብ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ሰዓት አለ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ትንንሽ መስኮቶች ይከፈቱና ምስሎች ይዞራሉ። ይህን ለማየት ያልተሰበሰበ የዓለም ሕዝብ የለም። ደወሉ ሲጮህ ሁሉም አንጋጠጠ። እኔ ግን ጫማዬ ነው የያዘኝ። ለጉዞው ብዬ ሆሳዕና የገዛሁት አዲስ ጫማ ተረከዜን ልጦት ነበር። ጎንበስ ብዬ ጨርቅ ሸጎጥኩበት። ቀና ስል ፋጡማ የለችም። ቀዩ ጨርቅ የለም።

ዞር ስል የመሪያችንን ግራጫ ጀርባና ባርኔጣ አደባባዩ ጥግ ላይ አየሁ። ሩቅ አይደለም፤ ከቤታችን እስከ ምንጩ አይሆንም። "ጓድ!" አልኩ። አልሰማም። "ጓድ መሪ!" ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ ያሉ ነጮች ዞረው አዩኝ፤ እሱ አልዞረም። ሁላችንም ቀኑን ሙሉ ጓድ፣ ጓድ ስንባባል ስለምንውል ቃሉ ለጆሮው አዲስ አይደለም። ስሙን ብጠራ ይዞር ነበር። ይህን ያኔም አውቄዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ስሙ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ቆመ፤ ተመልሶም ወረደ። በዚያች ቅጽበት አንድ መንጋ ሰው በመካከላችን አለፈ። ካለፈ በኋላ ጥጉ ላይ ማንም አልነበረም።

ሮጥኩ። መንገዱ ለሦስት ይከፈላል። በአንዱ ገባሁ፣ ተመለስኩ፣ በሌላው ገባሁ። ከሰው ራስ በላይ ቀይ ጨርቅ ሲውለበለብ ሳይ እግዚአብሔርን አመሰግኜ ተከተልኩት። ሐውልት ከግራና ከቀኝ የቆመበት ረጅም የድንጋይ ድልድይ ላይ ስደርስ ተጠጋሁና አየሁ። ቀዩን ጨርቅ የያዘው ጢማም ሰው ነው፤ የሚከተሉትም ሽማግሌ ነጮች ናቸው። አንዷ አሮጊት ፈገግ ብላ ፎቶ ልታነሳኝ ካሜራ አወጣች። እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

የሆቴሉን ስም አላውቅም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል፤ በማንበቧ ምክንያት አውሮፓ የሄደች ሴት የምታድርበትን ቤት ስም አላነበበችም። ፊደሉ የነሱ ነው፣ እኔ የማውቀው የኛን ነው፤ ደግሞስ ሃያ ሁለት ሰው እየተከተልኩ ስም ምን ያደርግልኛል ብዬ ነው። ፓስፖርቴ በጥቁሩ ቦርሳ ነው። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ "ሆቴል፣ ኢትዮጵያ" እያልኩ ስይዝ አንድ ወፍራም ፖሊስ መጣ። ክንዴን ቀስ ብሎ ያዘና ወሰደኝ።

ጣቢያው አንድ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ግድግዳ ላይ ሰዓት። ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር ሰባት ተኩል ይላል። ፖሊሱ ሻይ ሰጠኝ። የወረቀት ዝርዝር አውጥቶ ጣቱን እየጠቆመ ይጠይቀኛል፤ አይገባኝም። ኢትዮጵያ የሚለው ቃል ግን ገብቶታል። ስልክ ደወለ፣ ዘጋ፣ ደወለ፣ ጠበቀ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ከዚያ እጀታውን ሰጠኝ።

"ሃሎ፣ እህቴ" አለኝ አንድ የወንድ ድምፅ በአማርኛ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያው የሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ ነው፤ ስሙን አልነገረኝም።

"ጠፍቼ ነው ወንድሜ። አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳል።"

"አይዞሽ። በየትኛው ሆቴል ናችሁ?"

"አላውቅም። በሩ ላይ የድንጋይ አንበሳ አለ።"

"እዚህ ከተማ አንበሳ የሌለበት በር የለም። ግድ የለም፤ ፖሊሱ የእንግዳ ቡድኖች ዝርዝር ይዟል። የተጻፈው በአገር ሳይሆን በመሪዎቹ ስም ነው። መሪያችሁ ማን ይባላል?"

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

"እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ? የመሪያችሁን ስም ንገሪኝ።"

"ብዕር ይስጠኝ፣ ልጻፈው" አልኩ። ፖሊሱ ብዕር ሰጠኝና ጻፍኩት፣ በኛ ፊደል። ወረቀቱን ወስዶ አየው፣ ገለበጠው፣ አሁንም አየው፤ ትከሻውን ሰብቆ መለሰልኝ። ተማሪው ከስልኩ ማዶ ነው፣ ወረቀት አያይም። በሕይወቴ ማንበብና መጻፍ መቻሌ ያልጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

"ስሙን አታውቂውም?" አለኝ።

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"መጥራት አልችልም።"

ሰዓቱ ስምንት ከሩብ ይላል። ከዚያ ተማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አጠገብሽ አማርኛ የሚሰማ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እንግዲያው ልጠይቅሽ። መመለስ ካልፈለግሽ ስሙን አትንገሪኝ። አውቶቡሱ ይሄዳል። የሚቀጥለውን ሌላ ጊዜ እናወራለን።"

ይህ ሰው ማነው? አዝኖልኝ ነው ወይስ ሊይዘኝ? እሺ ብለው ዛሬውኑ ስሜ ሪፖርት ላይ ይውላል፤ እምቢ ብለው ደግሞ ለምን ስሙን ደበቅሽ ይላል። ያን ጊዜ ሰው ለሰው የሚናገረውን ደግ ቃል እንኳ ገልብጠን ከታች ምን እንዳለ የምናይበት ጊዜ ነበር። ተማሪው ማን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። ደግ ሰው ከነበረ፣ በልቤ ስላማሁት ይቅር ይበለኝ።

"መመለስ እፈልጋለሁ" አልኩ። "ልጆች አሉኝ። ስሙ የአማቴ ስም ነው። በእኛ አገር የአማት ስም አይጠራም።"

"ምን?"

"ነውር ነው። ጠርቼው አላውቅም።"

"እህቴ፣ አሁን የጨዋታ ጊዜ አይደለም።"

"ጨዋታ አይደለም። ዋሴም እሳቸው ናቸው። ካልተመለስኩ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው።" ይህን ስናገር ለራሴም ገና ያኔ ነው የገባኝ። ስማቸውን ላለመጥራት ብዬ እሳቸውን ላሳስራቸው ነው።

ተማሪው ተነፈሰ። "ስማቸው ተከብሮ እሳቸው ቢታሰሩ፣ ክብር የምትይው ይህን ነው?" አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንደ ወንድም ነው የጠየቀኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግኩ። ሰዓቱ ከስምንት ተኩል አልፏል። "ዮሐንስ" አልኩ።

"አልተሰማኝም።"

ነጠላውን አወረድኩና ጮክ ብዬ ደገምኩት። ፖሊሱ ደንግጦ ቀና አለ። እጀታውን ሰጠሁት፣ ተነጋገሩ፣ ጣቱ በዝርዝሩ ላይ ወርዶ አንድ ቦታ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የፖሊስ መኪና ጥሩንባ ነው። የሆቴሉ በር ጋ ስንደርስ የአውቶቡሱ ሞተር ይሠራል። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

መሪያችን ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር፤ በእጁ ወረቀት ይዟል። "የት ነበርሽ?" አለኝ።

"ጠፍቼ ነው። ተጣርቼ አልሰሙኝም።"

"ደውዬ ተናግሬአለሁ" አለ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ተመለሰች ብዬም እናገራለሁ። የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ ግን አላውቅም።"

ቡዳፔስትን አየሁ ወይ ብትሉኝ አላየሁም። ወንዝ እንዳለው ነግረውኛል። አምስት ቀን ሙሉ የትኛው ቀድሞ ይደርሳል እያልኩ ነው የከረምኩት። ፋጡማ እጄን ይዛ ትቀመጣለች፤ የምትለው ሲያጣት ብርቱካን ትልጥልኛለች።

ሆሳዕና የደረስኩት በገበያ ቀን ነው። ከአውቶቡስ ስወርድ የጎረቤታችን ሚስት አየችኝና ተሸክማ የመጣችውን ቆጮ መሬት ላይ ጣለች። "መጣሽ?" አለች፣ ቀጥላም "ከታሰሩ ስድስት ቀናቸው ነው" አለች። ማን እንደሆኑ አልጠየቅኳትም።

የታሰሩበት መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ አልጽፍም። አማቴ መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ ነጭ ጋቢ አቧራ ሆኗል። አየኋቸውና ከልማዴ የተነሳ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም ወደ መሬት አዩ። ከውስጥ አንድ ወጣት ሹም ጠራን፤ የአገራችን ሰው አይደለም፣ በቅርብ የተመደበ ነው። የከዳች የሚለው መልእክት ደርሶታል፤ የተመለሰች የሚለው አልደረሰውም። ወረቀቴን አገላበጠ። አማቴ ጎኔ ቆመዋል።

"ተመልሻለሁ ነው የምትይው።"

"ይኸው ቆሜያለሁ" አልኩት።

"ዋስሽ ማነው?"

"እኚህ ናቸው።"

"በጣት አትጠቁሚ። ቃልሽን ልጽፍ ነው፤ ከዋስትናው ወረቀት ጋር ካልተመሳከረ አልፈታቸውም። ሙሉ ስም ተናገሪ።"

ጥግ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ የሌሞ ልጅ ነው፤ ባህሉን ያውቃል። "ጓድ፣ እሷ መጥራት አትችልም፤ እኔ ልጻፈው" አለ። ሹሙ "አንተን አልጠየቅኩም" አለው።

ፕራግ ላይ የጠራሁት የሌላ ሰውን ስም ነው ብዬ በመንገድ ሁሉ ራሴን ሳጽናና መጥቻለሁ። ይህ ግን የራሳቸው ነው፤ እሳቸው ፊት፣ በክንድ ርቀት። ስድስት ቀን እዚያ አግዳሚ ላይ ማን ምን እንዳደረጋቸው አላውቅም። ቀና ብዬ ሹሙን ሳይሆን እሳቸውን አየሁ። ቤታቸው ከገባሁ ጀምሮ ዓይናቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ዮሐንስ ሎምበቦ" አልኩ።

"አቤት" አሉኝ።

ሽማግሌ ለምራቱ አቤት አይልም፤ ትንሽ ነው ለትልቅ እንደዚያ የሚመልስ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ሹሙ ምንም አልገባውም፤ ጻፈና ፈረመ፣ ሂዱ አለን። ወደ ቤት ስንሄድ እንደ ወትሮው እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ልጆቼ ከሩቅ አይተውን እየሮጡ መጡ።

አንባቢዎቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ያ ጉዞ ዓይኔን ገለጠልኝ፣ ባህሌን ጥዬ ሌላ ሰው ሆንኩ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አይደለም። ቤት ስገባ ያው ምራት ነኝ፤ እስኪሞቱ ድረስ ስማቸውን ደግሜ አልጠራሁም፤ ዛሬም በአፌ አልጠራውም፣ እዚህ የጻፍኩት እንድትረዱኝ ብዬ ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በፊት አማቴን እፈራቸው ነበር፤ መፍራቴን ማክበር ይመስለኝ ነበር። ፍርሃቱ ያን ቀን እዚያ ክፍል ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሹም ጥያቄ ሲጠይቀኝ መልሱን ወደ ግድግዳ ዞሬ አልመለስኩም፤ የመጣብኝ ጣጣም ብዙ ነው፣ አንዱንም አልተጸጸትኩበትም። ስማቸውን በዕድሜዬ ሙሉ ሁለት ቀን ጠራሁ። በሁለተኛው ቀን መለሱልኝ።